ቤንዚንና ሞተር ሲስማሙ
ስለ ኦክቴን ቁጥር ለቤተሰብ መኪና ባለቤቶች

ከደመወዙ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ ወይም የዕቁብ ዕጣ ወጥቶለት አንድ ያገለገለች መኪና ለመግዛት የበቃ የሠራዊት አባል ፈጥኖ የሚማረው ትምህርት አለ። ይኸውም መኪና ከተገዛ በኋላም መብላቱን የማያቆም ንብረት መሆኑ ነው። ጎማው፣ ዘይቱ፣ ካንዴላው፣ ዓመታዊ ምርመራው በየተራቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከሁሉም ይልቅ ግን የቤቱን በጀት በየሳምንቱ የሚቆርሰው ቤንዚኑ በመሆኑ ስለ ቤንዚን የሚነገረው ወሬ ብዙ ነው። ከወሬዎቹ ሁሉ ሥር የሰደደው «ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ጉልበት ይጨምራል፣ ሞተር ያጸዳል፣ ዕድሜም ያረዝማል» የሚለው ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ወሬ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ሲጎዳ ይታያል። አንደኛው መኪናው የማይፈልገውን ውድ ነገር እየገዛ ገንዘቡን የሚያባክነው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነገሩ ሁሉ የነጋዴ ብልሃት ነው ብሎ ንቆ በመተው ሞተሩን የሚያቃጥለው ነው። ለሁለቱም መድኃኒቱ ቁጥሩ ምን እንደሚለካ ማወቅ ነው።

የቤንዚን ሞተር ፒስተን ወደ ታች ሲወርድ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ ይሳባል። ወደ ላይ ሲመለስ ድብልቁን ያምቀዋል። የታመቀ አየር እንደሚግል የብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሁሉ ያውቃል። ድብልቁ በሚገባ ከታመቀ በኋላ ካንዴላው ብልጭታ ይሰጣል፤ እሳቱም ከዚያ ተነሥቶ ድብልቁን በሥርዓት እየበላ ወደ ዳር ይስፋፋል። ፒስተኑን ወደ ታች የሚገፋው ይህ በሥርዓት የሚስፋፋ እሳት ነው። ችግር የሚነሣው እሳቱ ገና ያልደረሰበት፣ በዳር የቀረው ድብልቅ፣ ከሙቀቱና ከግፊቱ ብዛት የተነሣ ተራውን ሳይጠብቅ በራሱ ጊዜ የፈነዳ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ በሲሊንደሩ ውስጥ ኃይለኛ የግፊት ሞገድ ይፈጠራል። ለነጂው የሚሰማው በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ሲናወጥ የሚወጣውን የመሰለ ቀጭን የብረት ድምፅ ነው። መካኒኮቻችን «ሞተሩ ያንኳኳል» የሚሉት ይህንን ነው። ለአፍታ ተሰምቶ ቢጠፋ የሚያሳስብ አይደለም። በጭነትና በዳገት ላይ ሳያቋርጥ ሲቆይ ግን የፒስተኑን አናት እስከ መብሳት፣ ቀለበቶቹን እስከ መስበር፣ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን እስከ ማቃጠል ይደርሳል።

የኦክቴን ቁጥር እንግዲህ የሚለካው ቤንዚኑ ይህን ያለ ጊዜው መፈንዳት ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለው ቤንዚን ትእዛዝ ሳይሰጠው እንደማይተኩስ የሠለጠነ ወታደር ብልጭታው እስኪመጣ ይታገሣል። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ቶሎ ይደነግጣል። በጥይቱ ጉልበት ረገድ ግን በሁለቱ ወታደሮች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለም።

መለኪያው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ግራሃም ኤድጋር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሁለት ንጹሕ ፈሳሾችን ለመመዘኛነት አቀረበ። በቀላሉ የማይፈነዳው አይሶኦክቴን 100፣ ወዲያው የሚፈነዳው ሄፕቴን ደግሞ 0 ተባሉ። አንድ ቤንዚን 91 ነው ሲባል፣ በመፈተሻ ሞተር ላይ 91 እጅ አይሶኦክቴንና 9 እጅ ሄፕቴን ከተቀላቀሉበት ፈሳሽ እኩል ታግሧል ማለት ነው።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1921 በጄኔራል ሞተርስ ይሠራ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ፣ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለ የእርሳስ ውሕድ በጥቂቱ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ማንኳኳትን እንደሚያጠፋ አግኝቶ ነበር። ውሕዱ በ1923 ገበያ ላይ ዋለ። ሞተሩን ጸጥ አሰኘ፤ ሰውን ግን መረዘ። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ በሚገኘው የቤይዌይ ማጣሪያ ሲያመርቱት የነበሩ አምስት ሠራተኞች ሞቱ። ከዚያም በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ከመኪና ጭስ ጋር የወጣው እርሳስ ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰው በሕፃናት አእምሮ ላይ ነበር። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው እስከ 2006 መጀመሪያ እርሳሱን ከቤንዚናቸው አስወጡ። በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ዛሬ ኦክቴን ከፍ የሚለው በነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ በሚደረግ ሥራና እንደ ኢታኖል ባሉ ተጨማሪዎች ነው። በአገራችንም ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኢታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር፤ መጀመሪያ 5 በመቶ፣ ቆይቶም 10 በመቶ።

ኦክቴን በራሱ ጉልበት አለመሆኑን ከማንም በተሻለ የሚያስረዳው የጦር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የእንግሊዝ አየር ኃይል ለስፒትፋየርና ለሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላኖቹ ባለ 87 ኦክቴን ቤንዚን መጠቀሙን ትቶ ወደ ባለ 100 ተሸጋገረ። የመርሊን ሞተር ከ1,000 ጥቂት ከፍ ይል የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 1,300 ገደማ ደረሰ። ይህ የሆነው ግን አዲሱ ቤንዚን በጋኑ ውስጥ ስለ ተሞላ ብቻ አልነበረም። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው መሣሪያ ግፊቱን ከ6 ወደ 12 ፓውንድ እንዲያሳድግ ስለ ተፈቀደለትና ቤንዚኑም ያን ግፊት ሳይደነግጥ ስለ ተሸከመ ነው። ግፊቱ እንደ ነበረ ቢቀር ኖሮ አብራሪው ያገኘው ጥቅም ባልነበረ። ዝቅተኛ እመቃ ላላት የቤተሰብ መኪና ባለ 98 ቤንዚን የሚሞላ ሰው የሚያደርገው ልክ ይህንኑ ነው፤ ቤንዚኑን ይለውጣል፣ ሞተሩ ግን አልተለወጠም።

አሁን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር እናጥራ። በቨርጂኒያ ያለ ወንድም «እኔ 87 ነው የምሞላው» ይላል። በዱባይ ያለች እኅት ደግሞ «እኛ ዘንድ ዝቅተኛው 91 ነው፣ ብዙው ሰው 95 ይቀዳል» ትላለች። የአሜሪካ ቤንዚን ከዱባዩ የወረደ ይመስላል። እውነቱ ግን መለኪያው መለያየቱ ነው። ኦክቴን በሁለት መንገድ ይፈተናል፤ አንዱ ቀለል ባለ ሁኔታ የሚደረገው የምርምር ዘዴ፣ ሌላው በበለጠ ሙቀትና ፍጥነት የሚደረገው የሞተር ዘዴ ነው። አውሮፓ፣ ጃፓንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚጽፉት የምርምሩን ቁጥር ነው። የአሜሪካ ማደያ የሚጽፈው የሁለቱን አማካይ ነው። ስለዚህ የቨርጂኒያው 87 በዱባይ ስሌት ከ91 እስከ 92 ይሆናል፤ ወንድምና እኅት የሚሞሉት ተቀራራቢ ቤንዚን ነው።

በሶቪየት ከባድ መኪናዎች ላይ ያገለገሉ ነባር የሠራዊት ሹፌሮችም ይህን ልዩነት ሳያውቁት ኖረውበታል። የዚል 130 ቤንዚን «አ-76» ይባል ነበር። ላዳ የተሠራችው ደግሞ «አኢ-93» ለተባለው ነው። በሩስያውያን አጻጻፍ «አ» ብቻዋን ስትቆም የሞተር ዘዴውን፣ «ኢ» ስትጨመርባት የምርምር ዘዴውን ታመለክታለች። 76 የተባለው በምርምር ዘዴ ሲለካ 80 ገደማ ነው። ልዩነቱ ቢጠብም በ80 እና በ93 መካከል ሰፊ ገደል አለ። የዚል ቤንዚን የገባባት ላዳ ዳገት ላይ የምትጮኸው በዚህ ምክንያት ነበር።

ለምን አንዱ 76 ሲበቃው ሌላዋ 93 ትጠይቃለች? መልሱ ያለው በእመቃው ልክ፣ መካኒኮች ኮምፕሬሽን በሚሉት ነው። ዚል 130 ድብልቁን 6.5 ለ1 ያምቃል። አሮጌው ቮልስ ዋገን 1200 የሚያምቀው 7 ለ1 በመሆኑ 87 የምርምር ኦክቴን ይበቃዋል። ላዳ 8.5 ለ1 ታምቃለች። እመቃው ከፍ ሲል ሞተሩ ከአንድ ሊትር የሚያገኘው ሥራ ይጨምራል፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትም እንዲሁ። ይሁን እንጂ በዚህ ሚዛን ብቻ አዳዲሶቹን መኪናዎች መፍረድ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ባለ 1 ሊትር ቶዮታ ቪትዝ 10.5 ለ1 እያመቀች በጃፓን ተራ ቤንዚን ትሄዳለች፤ የጃፓን ተራ ቤንዚን ደረጃ ደግሞ ከ89 የማያንስ ነው። የማቃጠያ ክፍሉ ቅርጽ ተሻሽሏል፣ ቤንዚኑ የሚረጨው በልክ ነው፣ ሞተሩም ላይ ማንኳኳትን የሚያዳምጥ መሣሪያ ተገጥሟል። መሣሪያው ድምፁን ከሰው ጆሮ ቀድሞ ሰምቶ ብልጭታውን ጥቂት ያዘገያል። ስለሆነም ለ95 የተሠራች አዲስ መኪና ባለ 91 ቢገባባት ላትጮህ ትችላለች። ጉልበቷን ትቀንሳለች፣ ለዚያው መንገድም የበለጠ ቤንዚን ትጠጣለች። ዝምታዋ ነጂውን ሊያታልለው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የአገራችን ከፍታ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ከሳሳ የመጨረሻው ግፊት ያንሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ማንኳኳትም ይቀንሳል። በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች አካባቢ ከሌላው ግዛት ዝቅ ያለ፣ በእነርሱ ስሌት 85 የሆነ ቤንዚን ሲሸጥ የኖረው ከካርቡራተር ዘመን በወረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። በደጋ የሚኖር የአሮጌ መኪና ባለቤት እንግዲህ ተፈጥሮ ራሷ ጥቂት ኦክቴን በነጻ ትመርቅለታለች። ችግሩ ምርቃቱ መኪናዋን ተከትሎ ቆላ አለመውረዱ ነው።

ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሠመራ የተዛወረን አንድ አባል እናስብ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሠመራ ከ400 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ቤተሰቡ፣ ፍራሹ፣ ምጣዱና ሳጥኑ በካርቡራተር በምትሠራ አሮጌ መኪና ተጭኗል። የአዲስ አበባው መካኒክ መኪናዋ በደጋ እንዳትታክት ብሎ ብልጭታውን አስቀድሞታል፣ ቤንዚኑንም አሳስቶታል። መኪናዋ ቁልቁል በወረደች መጠን አየሩ ይወፍራል፤ ድብልቁ ይበልጥ ይሳሳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። ሦስቱም በአንድ አቅጣጫ ይሠራሉ። በአዲስ አበባ ጸጥ ብላ ትሄድ የነበረች መኪና ያንኑ ቤንዚን ይዛ አዋሽን ካለፈች በኋላ ማንኳኳት ብትጀምር የማደያው ጥፋት ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ከጉዞ በፊት ብልጭታውን ጥቂት ማዘግየት፣ ካርቡራተሩን ለቆላ ማስተካከል፣ ራዲያተሩን ማስጠረግና ትክክለኛውን ካንዴላ ማስገጠም ነው። በመንገድ ላይ ድምፁ ከተሰማ የነዳጅ መርገጫውን ማላላትና ማርሽ መቀነስ ያስፈልጋል። በከፍተኛ ማርሽ ዳገት እየጎተቱ ቤንዚን መርገጥ ከሁሉ የከፋ ነው። በነዳጅ ረጪ የሚሠሩ አዳዲስ መኪናዎች አብዛኛውን በራሳቸው ያስተካክላሉ። ተርቦ የተገጠመላቸው ግን ግፊታቸውን ራሳቸው ስለሚፈጥሩ በደጋው ምርቃት እምብዛም አይጠቀሙም፤ ባለቤቶቻቸው መጽሐፉ ያዘዘውን ቁጥር ይያዙ።

«በእኛ ማደያ የሚቀዳው ቤንዚን ያው አንድ ነው፤ ምን መምረጥ አለ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዱባይ ኢ-ፕላስ 91፣ ስፔሻል 95፣ ሱፐር 98 ተብሎ ጎን ለጎን ይቀዳል። ባለ አንድ ቧንቧ ማደያ ላይ የሚቆም ሰው ግን ምርጫውን የሚያደርገው ማደያው ዘንድ ሳይሆን መኪናዋን በሚገዛበት ቀን ነው። ከመግዛቱ በፊት የነዳጅ መክደኛውን ከፍቶ በውስጥ በኩል የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብብ፤ የአምራቹን መጽሐፍም ይጠይቅ። ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ወይም ከአውሮፓ የመጣች መኪና «95» ወይም «98» የሚል ቁጥር ተለጥፎባት ይገኝ ይሆናል። አምራቹ «ይመከራል» ብሎ ከሆነ ዝቅ ባለው መሄድ ይቻላል፤ «ግዴታ» ብሎ ከሆነ ግን ያቺ መኪና ምንም ብታምር ለዚህ ቤተሰብ አልተሠራችም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በእጅ ያለችው የቤንዚን መኪና በቀላሉ የምትተካ ስላልሆነች ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ዋጋ አለው።

አንዳንዱ ደግሞ የቁጥሩን ጉድለት በጠርሙስ ሊሞላ ይሞክራል። በየጦር ካምፑ መኖሪያ ቤት የሚከተለውን የመሰለ ንግግር ሳይሰማ አይቀርም።

«ይህ ጠርሙስ ምንድን ነው?»

«ኦክቴን መጨመሪያ ነው። ሞተሩን ያጠነክራል ብለውኛል።»

«ማን ነው ያለህ?»

«የሸጠልኝ ሰው።»

«ለልጆቹ ደብተር ያስቀመጥነው ገንዘብ ነው እንግዲህ እዚህ ውስጥ ያለው!»

ሚስቲቱ እውነት አላት። በብዙዎቹ ጠርሙሶች ላይ «5 ነጥብ ይጨምራል» የሚለው ጽሑፍ 91ን 96 ያደርጋል ማለት አይደለም። በነጋዴዎቹ አነጋገር አንድ «ነጥብ» የአንድ ቁጥር አሥረኛ ስለሆነ 91 የሚሆነው 91.5 ነው። ማንጋኒዝ ያለባቸው ዓይነቶች ካንዴላውን ቀይ ዝቃጭ ያለብሱታል። የልብስ ብል ማጥፊያውን ናፍታሊን በቤንዚን ጋን ውስጥ መጨመርም ይወራል፤ ፍርፋሪው የቤንዚኑን መስመር ደፍኖ መንገድ ላይ ያስቀራል እንጂ ደግ ነገር አይሠራም።

ከዝቅተኛ ኦክቴን ሁሉ የከፋው ግን ሰው ሠራሹ ነው። ሰልፍ ሲረዝም በጀሪካንና በውኃ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ከየጥጋጥጉ ብቅ ይላል። እርካሽ በሆነ ላምባ ወይም በናፍጣ የተበረዘ ከሆነ ኦክቴኑ ይወድቃል። ናፍጣ የተሠራው ካንዴላ በሌለው ሞተር ውስጥ በራሱ እንዲቀጣጠል ነው፤ በቤንዚን ሞተር ውስጥ የምንሸሸው ባሕርይ በናፍጣ ሞተር ውስጥ የሚፈለግ ነውና። የተጠራጠረ ሰው ከእሳት ርቆ ከቤንዚኑ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ያንጠብጥብ። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ተንኖ ይጠፋል። የቅባት ክብ ትቶ ከቀረ ላምባ ወይም ናፍጣ አለበት።

እዚህ ላይ ነገሩ ከመኪናው አልፎ ወደ ማድ ቤት ይገባልና እመቤቶች ልብ ይበሉልን። የላምባ ተን እሳት ለመያዝ ፈሳሹ ቢያንስ ወደ 38 ዲግሪ መሞቅ አለበት። የቤንዚን ተን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ እሳት ይይዛል። በዚህ ምክንያት ቤንዚን የነካው ላምባ በምድጃ ወይም በኩራዝ ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን ላምባ አይቀዳ፤ ጀሪካኖቹ በቀለም ይለዩ፤ ሽታው የተለወጠ ላምባ ወደ ምድጃ አይግባ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ ከአልጋ ሥር ካለ ጀሪካን ሾልኮ በወለሉ ላይ እየተሳበ ቡና ወደሚፈላበት ከሰል ይደርሳል። ስለዚህ ለመጠባበቂያ ተብሎ የተገዛ ቤንዚን ከመኖሪያ ክፍል ውጭ፣ ፀሐይ በማያገኘውና ሕፃን በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ብዙ ወራት ሲቆይ ቀላሉ ክፍል እየተነነ ሞተር ለማስነሣት ስለሚያስቸግር፣ በቶሎ በመኪናው ጋን ውስጥ ይገልበጥ።

ነዳጅ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ አይቀመጥ። ሕፃን የጠጣ እንደሆነም እንዲያስታውከው አይደረግ። ሲመለስ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ጉዳቱ ይብሳል፤ ልጁን ጠርሙሱን ጭምር ይዞ በፍጥነት ወደ ሐኪም መሄድ ነው። በጎማ ቱቦ በአፍ ስቦ ቤንዚን ከጋን ወደ ጋን ለሚቀዳ ነጂም አደጋው ይኸው ስለሆነ፣ ባለ እጅ መሳቢያ ፓምፕ ገዝቶ በመኪናው ውስጥ ያስቀምጥ።